29 ዓመት በረዳት አሰልጣኝነት፦ ስለ ኮሌጅ ሶፍትቦል ሥራ እንወያይ

ከአን አርቦር

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። ስለ አሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ስንወያይ የምናነሣቸው የዋና አሰልጣኞችንና የኮከብ ተጫዋቾችን ስም ብቻ ነው። ዛሬ ስለ ረዳት አሰልጣኝ፣ ያውም ስለ ሴቶች ሶፍትቦል ረዳት አሰልጣኝ መጻፍ እፈልጋለሁ። ሶፍትቦል የተወረወረ ኳስ በዱላ የሚመታበት፣ ቤዝቦልን የሚመስል ጨዋታ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

ቦኒ ቶል ከ1988 እስከ 1991 ለሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተጫውተዋል። ለ1994 የውድድር ዘመን ረዳት አሰልጣኝ ሆነው ወደ ቀድሞ ቡድናቸው ተመለሱ። ዋና አሰልጣኟ ካሮል ሃቺንስ ነበሩ። ቶል መጀመሪያ በረዳትነት፣ ኋላም በተባባሪ ዋና አሰልጣኝነት ማዕረግ ለ29 የውድድር ዘመናት ከሃቺንስ ጎን አልተለዩም። ሃቺንስ በኦገስት 2022 ጡረታ ሲወጡ 1,707 ድል አስመዝግበው ነበር፤ የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት በሚመራው ማኅበር፣ በኤንሲኤኤ፣ ሶፍትቦል እስከዚያ ጊዜ ማንም ያልደረሰበት ቁጥር ነው። ዩኒቨርሲቲው ቡድኑን ለቶል አስረከበ።

ብዙ ሰው እነዚያን ዓመታት ወንበሩ እስኪለቀቅ ድረስ እንደተጠበቀ ወረፋ ያያቸዋል። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። የ2005ን የብሔራዊ ሻምፒዮና ፍጻሜ አስታውሱ። ሚሺጋን ከካሊፎርኒያው ዩኒቨርሲቲ ከዩሲኤልኤ ጋር ያደረገው ሦስተኛው ጨዋታ በመደበኛው 7 ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች በየተራ የሚመቱበት ዙር) አልለይለት ብሎ እስከ 10ኛው ተጓዘ። በዚያ ኢኒንግ ሳማንታ ፊንድሌይ ሦስት ነጥብ ያስገኘ ሆምራን (ከአጥር በላይ የሚሄድ ምት) መታች፤ ሚሺጋንም 4 ለ 1 አሸነፈ። ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ ያለ ዩኒቨርሲቲ የሶፍትቦልን ብሔራዊ ዋንጫ ሲያነሣ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ይህ ለምን ከባድ እንደ ነበር እዚህ የሚኖር ሰው ያውቀዋል። የውድድሩ ዘመን የሚጀምረው በፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ የዩኒቨርሲቲው ከተማ አን አርቦር በረዶ ለብሳ ሳለች ነው። ቡድኑ የሚለማመደው ጣሪያ ሥር ነው፤ የመጀመሪያ ሳምንታት ጨዋታዎቹን የሚያደርገውም ወደ ሞቃት ግዛቶች እየበረረ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ በፀሐይ ስትጫወት ያደገችን የ17 ዓመት ልጅ ወደዚህ ብርድ እንድትመጣ የሚያሳምን ሰው ያስፈልጋል። ከመጣች በኋላም በአራት ዓመት ውስጥ ወደ ሌላ ደረጃ የሚያደርሳት ሰው ያስፈልጋል። ሁለቱም በአብዛኛው የረዳት አሰልጣኞች ሥራ ነው። በዚያው ቡድን ወርዋሪዎችን፣ ማለትም ኳሱን ለመቺዋ የሚወረውሩትን ተጫዋቾች፣ ከ20 ዓመት በላይ ያሠለጠኑት ጄኒፈር ብራንዴጅም በ2000 በሲድኒ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኙ ሴት ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ለዚያን ያህል ጊዜ በረዳትነት የቆየው ሌላ አማራጭ አጥቶ አይመስለኝም።

ረዳት አሰልጣኝነት ራሱን የቻለ፣ ዕድሜ ልክ ሊሠራበት የሚገባ ሙያ ነው ብዬ አምናለሁ። እናንተስ?

የዳላስ ነዋሪ

ጽሑፉ ግሩም ነው፤ መደምደሚያውን ግን አልቀበለውም። 1,707 ድል የተመዘገበው በማን ስም ነው? በዋና አሰልጣኟ ስም ብቻ ነው። ረዳቷ የዕድሜዋን እኩሌታ ሰጥታ መዝገቡ ላይ አንድ ቁጥር እንኳ አልተጻፈላትም። ይህን «ሙያ ነው» ብሎ ማሞገስ በደሉን ማለባበስ ነው።

ሌሎቹን ተመልከቱ። ኬሊ ኢኖዬ-ፔሬዝ በዩሲኤልኤ ተጫወቱ፣ በዚያው 13 የውድድር ዘመን ረዳት ሆኑ፣ በ2007 ዋና አሰልጣኝ ሆነው በ2010 እና በ2019 ዋንጫ አነሡ። ኬትሊን ሎውም በአሪዞና ከማይክ ካንድሪያ ሥር ሠርተው በ2021 እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ቡድኑን ተረከቡ። መንገዱ እንዲህ ነው መሆን ያለበት፦ ተማር፣ ሥራ፣ ከዚያ ኃላፊነቱን ተረከብ። ካሮል ሃቺንስ ራሳቸው በሚሺጋን በረዳትነት የሠሩት ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ በ1985 ዋና ሆኑ። ሁለት ዓመት ለአንዷ፣ ሃያ ዘጠኝ ለሌላዋ!

ከአን አርቦር

ወንድሜ፣ ዘመኑ ይለያያል። ታይትል ናይን የተባለው ሕግ በ1972 ወጥቶ ዩኒቨርሲቲዎች ለሴቶች ስፖርት እኩል ዕድል እንዲሰጡ ሲገደዱ ብዙ ቦታ ቡድኑ ራሱ ገና ይመሠረት ነበር። ኤንሲኤኤ የሴቶችን ሶፍትቦል ሻምፒዮና የጀመረው በ1982 ነው። ሃቺንስ የመጡት ሰው በሌለበት ጊዜ ነው፤ ቶል ግን የደረሱት ቤቱ ከተሠራ በኋላ ነው።

ደግሞም ቶል ዋና አሰልጣኝ በሆኑበት የመጀመሪያ ዓመት፣ በ2023፣ ቡድኑ ለኤንሲኤኤ ውድድር ሳያልፍ ቀረ። ለሚሺጋን ይህ መርዶ ነበር። በ2024 እና በ2025 ግን ሚሺጋን ያለበትን ሊግ፣ የቢግ ቴንን፣ ውድድር ዋንጫ በተከታታይ ወሰዱ፤ በ2025 በፍጻሜው ያሸነፉት ዩሲኤልኤን ነው። ያ ሁሉ ዓመት ባክኖ ቢሆን ኖሮ ከውድቀቱ እንዲህ በፍጥነት ባልተነሡ ነበር።

የቀድሞዋ ተቀባይ

እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ በኮሌጅ ደረጃ በተቀባይነት ተጫውቻለሁ። ተቀባይ ማለት ከመቺዋ ጀርባ ተንበርክካ ኳሱን የምትይዘው ተጫዋች ናት። በጨዋታ ላይ ከረዳት አሰልጣኝ ጋር በጣም የምትነጋገረውም እሷ ስለሆነች ሥራው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ።

ወርዋሪዋ ከመቺዋ የምትርቀው 43 ጫማ፣ ማለትም 13 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ወደፊት ተራምዳ ስለምትለቀው ደግሞ ርቀቱ ይበልጥ ያጥራል። በሰዓት 70 ማይል የተወረወረ ኳስ መቺዋ ዘንድ ለመድረስ 0.4 ሰከንድ አይፈጅበትም። በዚህ ጊዜ ውስጥ አይቶ፣ አስቦ፣ ወስኖ መምታት አይቻልም። መቺዋ የሚመጣውን አስቀድማ መገመት አለባት። ግምቱን የምታዘጋጅላት ረዳት አሰልጣኟ ናት፤ የተጋጣሚን ወርዋሪ ቪዲዮ ደጋግማ አይታ በምን ጊዜ ቀርፋፋውን ቼንጅአፕ እንደምትወረውር፣ ሲጨንቃት ወደየትኛው ኳስ እንደምትሸሽ፣ ኳሱን ስትይዝ እጇ ምስጢሯን ያወጣባት እንደሆነ ለይታ በአንድ ገጽ ታስቀምጠዋለች።

እኛ በመከላከል ላይ ስንሆን ደግሞ በብዙ ቡድኖች የሚወረወረውን ኳስ የምትመርጠው ረዳቷ ናት። በክንዴ ላይ ቁጥሮች የተደረደሩበት ካርድ ይታሰር ነበር። ከተጠባባቂዎች መቀመጫ ሦስት አሃዝ ይጠራልኛል፤ ካርዱን አይቼ ወደ ላይ የሚነሣው ራይዝቦል፣ ወደ ታች የሚሰምጠው ድሮፕቦል ወይስ ሌላ መሆኑን፣ ወደ ውስጥ ይሁን ወደ ውጭ አውቃለሁ። ተጋጣሚ እንዳይፈታው ካርዱ ይቀያየራል። በቅርብ ዓመታት በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ማስተላለፍም ተፈቅዷል። በአንድ ጨዋታ ከመቶ በላይ እንዲህ ያለ ውሳኔ ይሰጣል። አንዱ ሲሳሳትና ኳሱ ከአጥር በላይ ሲሄድ ተመልካች የሚያየው ወርዋሪዋን ነው፤ ረዳቷ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስዳትም።

የሥራ ሰዓቱስ? ሕጉ ተጫዋቾች በውድድር ዘመን በሳምንት ከ20 ሰዓት፣ በቀን ከ4 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ይከለክላል። ለረዳት አሰልጣኝ እንዲህ ያለ ገደብ የለም። ጠዋት ለሁለትና ለሦስት ተጫዋቾች ለብቻቸው ልምምድ ትሰጣለች፣ ከሰዓት በኋላ ከቡድኑ ጋር ትሠራለች፣ ማታ ቪዲዮ ታያለች። ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ጨዋታ ነው፤ በመደበኛው ዘመን እስከ 56 ጨዋታ ይፈቀዳል። በበጋ ሌላው ሰው ሲያርፍ እሷ የታዳጊ ክለቦች ውድድር ወዳለበት ሁሉ ትሄዳለች፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከሜዳ ሜዳ እየተዘዋወረች የ15 እና የ16 ዓመት ልጆችን ትመለከታለች። ከ2018 ጀምሮ ልጆቹን ስለ ምልመላ ማነጋገር የሚቻለው 11ኛ ክፍል በገቡበት ዓመት ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ነው፤ በዚያች ሌሊት ልክ ስድስት ሰዓት ሲሞላ ረዳት አሰልጣኞች ሁሉ ስልካቸው ላይ ናቸው። ከዚያ በፊት ገና 8ኛ ክፍል ያልጨረሱ ልጆች ለዩኒቨርሲቲ ቃል ይገቡ ነበር፤ ያ በመቅረቱ ከልቤ ደስ ይለኛል።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። የጉልበት ቀዶ ሕክምና ባደረግሁበት ወቅት ሕክምና ክፍል ድረስ እየመጣች ከጎኔ የምትቀመጠው ረዳታችን ነበረች። ዋና አሰልጣኛችን ጥሩ ሰው ነበሩ፤ በጀት፣ ስብሰባና ጋዜጠኛ ግን ጊዜ አልሰጣቸውም። ልጆች የልባቸውን የሚነግሩት ለረዳቷ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው

ስለ ገንዘቡ ማንም አልጻፈምና እኔ ልጻፍ። እስከ 2023 ድረስ በዲቪዚዮን አንድ፣ ማለትም በኤንሲኤኤ ከፍተኛው ደረጃ፣ አንድ የሶፍትቦል ቡድን ሊኖረው የሚችለው አንድ ዋና አሰልጣኝ፣ ሁለት ደመወዝተኛ ረዳቶች እና አንድ «በጎ ፈቃደኛ» ነበር። ይህች በጎ ፈቃደኛ እንደ ሌሎቹ ሜዳ ትወርዳለች፣ ታሠለጥናለች፣ ከቡድኑ ጋር ትጓዛለች፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ደመወዝ እንዲከፍላት አይፈቀድለትም ነበር። ከግቢ ውጭ ወጥታ መመልመልም አትችልም። ኑሮዋን የምትገፋው በበጋ የታዳጊዎች ካምፕ እና በግል ትምህርት ነበር።

ልብ በሉ፤ ገንዘብ ስለጠፋ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቹ በጋራ ባወጡት ደንብ ነው። ለዚህም በተለያዩ ስፖርቶች የነበሩ በጎ ፈቃደኛ አሰልጣኞች ፍርድ ቤት ሄዱ። ኤንሲኤኤ በጃንዋሪ 2023 ይህን ማዕረግ ለመሰረዝ ወሰነ፤ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሦስት ረዳቶች ደመወዝ ሊከፈላቸው ይችላል። «ይችላል» ነው፣ «ይገባል» አይደለም። ሀብታም ዩኒቨርሲቲ ወዲያው ከፈለ፤ ድሃው ወንበሩን ባዶ አስቀመጠው ወይም ኪስ የማይሞላ ገንዘብ መደበለት።

ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። የኦክላሆማዋ ዋና አሰልጣኝ ፓቲ ጋሶ የዓመት ክፍያቸው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። እንደ ቢግ ቴን ባሉ ትልልቅ ሊጎች ያሉ ነባር ረዳቶች ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ያገኛሉ። በትንሽ ኮሌጅ ያለች ጀማሪ ግን የሚከፈልላት የማስተርስ ትምህርቷ እና ለኪስ የምትሆን ጥቂት ገንዘብ ብቻ ሊሆን ይችላል። የዳላሱ ወንድማችን በደል የሚለውን እኔ የማየው እዚህ ላይ ነው። ቶል 29 ዓመት በረዳትነት መቆየታቸው አይከነክነኝም፤ ስንቶች በሁለተኛው ዓመት የቤት ኪራይ አቅቷቸው እንደ ወጡ ሳስብ ግን ያናድደኛል።

የኦክላሆማ ደጋፊ

በመዝገብ ላይ ስለማይጻፈው ስም ከተነሣ ጄኒፈር ሮቻን እንዴት ትረሳላችሁ? በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ በ2014 እና በ2015 ዋንጫ ሲነሣ ወርዋሪዎቹን ያሠለጥኑ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወደ ኦክላሆማ መጡና ከ2021 እስከ 2024 በተከታታይ አራት ዋንጫ ያነሣው ቡድን ወርዋሪዎች በእሳቸው እጅ ነበሩ። ያ ቡድን በመሃል 71 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፏል። ስድስት ብሔራዊ ዋንጫ፣ ሁሉም በረዳትነት! በሶፍትቦል ዓለም ያለ ሰው ሁሉ ስማቸውን ያውቃል፤ ታዳጊ ወርዋሪዎች ዩኒቨርሲቲ ሲመርጡ «ማን ያሠለጥነኛል?» ብለው ይጠይቃሉና።

መቺዎቹን የሚያሠለጥነው ደግሞ የፓቲ ጋሶ ልጅ ጄቲ ጋሶ ነው። ችሎታው በውጤቱ የታየ ነው፤ እኔም አደንቀዋለሁ። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ያሳስበኛል። በ1972 የሴቶችን የኮሌጅ ቡድኖች ከሚያሠለጥኑት ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት ሴቶች ነበሩ። ሥራው ገንዘብና ክብር ሲያገኝ ወንዶች መጡ፤ ዛሬ ሴቶቹ ከግማሽ በታች ናቸው። በወንዶች ቡድን ውስጥ ሴት አሰልጣኝ ግን አሁንም ብርቅ ነው። ስለዚህ ረዳት ሆና የምትጀምር ወጣት ሴት ሁሉ ከአንድ የሥራ መደብ በላይ ነገር ይዛ የምትገባ ይመስለኛል።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት

ይህን ውይይት ሳነብ እንባዬ መጣ። ልጄ በዚህ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ትመረቃለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሶፍትቦል ትጫወታለች። አሁን አንድ ትንሽ ኮሌጅ የማስተርስ ትምህርቷን ከፍሎ በረዳት አሰልጣኝነት እንድትሠራ ጠይቋታል። አባቷ የሕግ ትምህርት ቤት እንድትገባ ነው የሚፈልገው፤ የመግቢያ ፈተናውንም ጥሩ ውጤት አምጥታበታለች። ዘመድ ደግሞ ቡና ላይ በተቀመጥን ቁጥር «አሜሪካ ድረስ መጥታችሁ ለኳስ ነው ያሳደጋችኋት?» ይለናል።

እኔ የጨዋታውን ሕግ እንኳ በደንብ አላውቅም። የማውቀው ትንንሽ ልጆችን ስታሠለጥን ፊቷ እንዴት እንደሚበራ ነው። የሰፈራችን ሴቶች ልጆች ስሟን ጠርተው ይሮጡላታል። ግን ደግሞ እኔና አባቷ ሁለት ሁለት ሥራ እየሠራን ነው ያስተማርናት፤ ነገ የቤት ኪራይ አቅቷት ብትመለስ «ለምን ዝም አላችሁኝ?» እንዳትለኝ እፈራለሁ። እባካችሁ ምከሩኝ።

የዳላስ ነዋሪ

እህቴ፣ በግልጽ ልናገር። የሕግ ትምህርት ቤት ትግባ። ሶፍትቦልን ከወደደች ቅዳሜና እሑድ የሰፈር ልጆችን ታሠልጥን። ሒሳብ ሠራተኛው የጻፈውን አንብበዋል፤ ይህ ሙያ ጥቂቶችን ያከብራል፣ ብዙዎችን አድክሞ ይሸኛል። እናንተ የከፈላችሁት ዋጋ ቀላል አይደለም።

የቀድሞዋ ተቀባይ

እናቴ፣ እኔም ያደግሁት እንደ እርስዎ ቤት ባለ ቤት ነው፤ ጭንቀትዎ ይገባኛል። የዳላሱ ወንድሜን ስጋት አላጣጥልም፤ ነገር ግን የቀረበላት ነገር ሁለት ነጻ የማስተርስ ዓመታትን የያዘ ነው። የሕግ ትምህርት ቤት ከዚያም በኋላ አለ፤ የፈተናው ውጤትም ለተወሰኑ ዓመታት ያገለግላል። ከተጫዋችነት ወደ አሰልጣኝነት የሚወስደው በር ግን ገና ስሟ ሳይረሳ፣ አሰልጣኞቿ ስልክ ሊደውሉላት በሚፈልጉበት በዚህ ወቅት ነው በሰፊው የሚከፈተው።

መልስ ከመስጠቷ በፊት ግን ኮሌጁን በጽሑፍ የምትጠይቃቸው ነገሮች አሉ። የትምህርት ክፍያው ሙሉ ነው ወይስ በከፊል፣ የበጋውን ኮርስስ ይጨምራል? መኖሪያና ምግብ አለበት? በሜዳ ላይ የራሷ ኃላፊነት ምንድን ነው፤ ተቀባዮቹን ወይም መቺዎቹን ለብቻዋ ታሠለጥናለች ወይስ ኳስ ትሰበስባለች? በዚህ መደብ ከእሷ በፊት የነበሩት አሁን የት ናቸው? ይህ የመጨረሻው ዋናው ነው። ዋና አሰልጣኙ የቀድሞ ረዳቶቹን ስም በኩራት እየጠራ «እከሌ እዚህ ደረሰች» ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ስማቸውን ማስታወስ ካቃተው ትተወው።

ከገባች በኋላ በየዓመቱ ዲሴምበር የሚደረገውን የፋስትፒች (የሶፍትቦል) አሰልጣኞች ብሔራዊ ማኅበር ጉባኤ አታሳልፍ። ዩኒቨርሲቲዎች ለቀጣዩ ረዳታቸው ሰው የሚያፈላልጉት እዚያ ነው፤ ብዙው ቅጥር በትውውቅ የሚያልቅ ነው።

የኦክላሆማ ደጋፊ

አንድ ነገር ልጨምር። በ2028 ሶፍትቦል ወደ ኦሎምፒክ ይመለሳል፤ ውድድሩም የሚካሄደው ሎስ አንጀለስ ሳይሆን እዚህ ኦክላሆማ ሲቲ፣ በየዓመቱ የኮሌጆቹ ፍጻሜ በሚደረግበት ዴቨን ፓርክ ነው። ስፖርቱ እያደገ ነው። በ2024 ኒጃሪ ካናዲ የተባለች ወርዋሪ ወደ ቴክሳስ ቴክ ስትዛወር ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የስምና የምስል ውል (ተጫዋች ስሟንና ምስሏን ለማስታወቂያ በማዋል የሚከፈላት) ተፈራርማለች። ገንዘቡ ወደ ረዳቶቹም መውረዱ አይቀርም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሒሳብ ሠራተኛው

ተስፋው ጥሩ ነው፤ ሌላውን ወገንም እንይ። ዩኒቨርሲቲዎች ከ2025 ጀምሮ ለተጫዋቾች በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል፤ ያ ገንዘብ ከአንድ ቦታ መቀነስ አለበት። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚነካው ሦስተኛው ረዳት እንዳይሆን እሰጋለሁ። ልጅቷ ማስተርሷን የምትማርበትን መስክ በጥንቃቄ ትምረጥ፤ ከሜዳ ውጭም እንጀራ የሚያበላ ይሁን።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም። ጥያቄዎቹን ጽፌ ማታ ራት ላይ አነበብኳቸው። ልጄ ስለ ጄኒፈር ሮቻ ከአባቷ ጋር ረጅም ሰዓት አወራች፤ ለካ ቪዲዮዎቻቸውን ሁሉ ታያለች። አባቷ አሁንም ሕግ ነው የሚለው፤ ሆኖም ወረቀቱን ተቀብሎ በራሱ እጅ አንድ ጥያቄ ጨመረበት፦ «የጤና መድኑ ከመቼ ጀምሮ ነው?» እስከ ዓርብ መልስ መስጠት አለባት።

ሒሳብ ሠራተኛው

አባቷ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቀዋል። እንዲህ ባለ መደብ ብዙ ጊዜ እንደ ተማሪ እንጂ እንደ ሠራተኛ አይቆጠሩም፤ ስለዚህ መድኑ የተማሪ ነው ወይስ የሠራተኛ ብላ ትለይ። ዕድሜዋ 26 እስኪሞላ በወላጆቿ መድን ሥር መቆየትም ትችላለች፤ የእናንተ መድን እሷ በምትሄድበት ግዛት ያሉትን ሐኪሞች ይሸፍን እንደሆነ ግን ከዓርብ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ።